የቆየ ፒክአፕ የኋላ ፍሬን ሸራ አቀያየር፦ ከታምቡር መክፈት እስከ መንገድ ሙከራ

ከአበልቲ ወደ ግቤ ድልድይ ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ወርዷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡና የጫነች አሮጌ ሃይሉክስ ይዤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሳለሁ የፍሬን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለነበርኩ ሞተሩ ያዘልኝ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ። የኋላው ቀኝ ጎማ ይጨሳል። የዚያን ጎማ ሸራ የቀየርኩት እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም።

ሲከፈት ነገሩ ግልጽ ሆነ። የእጅ ፍሬኑ ካቦ በዝገት ተይዞ አልመለስ ስላለ፣ ሸራው ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ሸራው ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመውን ክብ ብረት) ሳይለቅ እየተፋተገ ነበር የሚሄደው። ታምቡሩ ጋለ፣ ሙቀቱ ሸራዎቹን ወደሚገፋው የጎማው ሲሊንደር አልፎ የፍሬን ዘይቱን አፈላው፣ ፔዳሉም ሰመጠ። የሚያሳዝነኝ፣ የድሮዎቹን ሸራዎች ስፈታ የቀኙ ከግራው በእጥፍ ተበልቶ ማየቴ ነው። አይቼ ጣልኩት። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሸራ አውልቆ ሸራ ስለማስገባት ብቻ አይደለም። ያ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሸራው ለምን እንዳለቀ ሳታውቁ አዲስ ካስገባችሁ፣ አዲሱን የምታስገቡት ለዚያው በሽታ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ጅማ በብዛት የምናየው አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ የሌሎችም ፒክአፖች የታምቡር ፍሬን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መቼ ነው የሚከፈተው

የኋላ ፍሬን ሲያልቅ እንደ ፊቱ አይጮህም። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ስለሆነ፣ የኋላው ደክሞም መኪናዋ ትቆማለች፤ ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ነው። ምልክቶቹ ለስለስ ያሉ ናቸው፦ ፔዳሉ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ይይዛል፤ የእጅ ፍሬኑ ብዙ ጥርስ ካልተሳበ አይይዝም፤ የፊት ፍሬን ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ጭነት ሲኖር መኪናዋ ለመቆም ትዘገያለች። የኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ እርጥበት ካለ ወይም የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሳይታወቅ እየጎደለ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትስጡት፤ በዚያው ቀን ክፈቱት። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁም እንዲሁ።

የእኛ መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ወደ ቡና ጣቢያዎቹ የሚያስገባው ቀይ ጭቃ ታምቡር ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸራውንም ታምቡሩንም ይሞርዳል። እኔ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ የቡናው ጭነት ሳይጀመር፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየትን ልማድ አድርጌዋለሁ።

ዕቃ ግዢ

መጀመሪያ ታምቡሩን ከፍታችሁ ለኩ፣ ከዚያ ግዙ። በሃይሉክስ ላይ የተለመዱት ታምቡሮች የውስጥ ስፋታቸው 254 ሚሊ ሜትር ወይም 295 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ ሸራ ለሌላው አይሆንም። ሻጩ «የሃይሉክስ ነው» ማለቱ አይበቃም። የድሮውን ሸራ ይዛችሁ መርካቶ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ፦ ቅስቱ፣ ወርዱ፣ የሞላዎቹ ቀዳዳ ያለበት ቦታ፣ የእጅ ፍሬን ክንዱ የሚያያዝበት ቀዳዳ። አንዲት ቀዳዳ ቦታዋን ከሳተች ያ ሸራ የእናንተ አይደለም።

ሸራ የሚገዛው ለሁለቱም ጎማዎች በአንድ ላይ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው። አንድ ጎን ብቻ መቀየር ፍሬን ሲያዝ መኪናዋን ወደ አንድ በኩል ያስጎትታታል፤ በዝናብ ላይ ይህ ከመንገድ ያወጣል። አሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሽፋን የተለጠፈበት ሸራ ብትገዙ አልቃወምም፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራ አይቻለሁ። ግን በጥፍራችሁ ጠርዙን ፈትሹ። ሽፋኑ ከብረቱ ጋር የተገናኘበት መስመር ላይ ክፍተት ካለ፣ ወይም ሪቬቱ (ሽፋኑን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ሚስማር) ከሽፋኑ ገጽ ጋር እኩል ከሆነ መልሱት። ሪቬት ወደ ውስጥ መስመጥ አለበት።

አብራችሁ የሞላዎቹን ስብስብ ግዙ። ሞላ በሙቀት ይላላል፤ የላላ ሞላ ደግሞ ሸራውን ከታምቡሩ አያላቅቅም። የፍሬን ዘይት ዶት 3 ነው፣ ክዳኑ ያልተከፈተ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 140 ነው። ጅማን በመሰለ እርጥብ አገር ግማሹ ተወስዶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ፣ ርካሽ ሆኖ ቢገኝም እንኳ፣ ለቁልቁለት አይሆንም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ የጎማ ዳዶ መፍቻ (21 ቁጥር)፣ ሁለት ቀጭን ካቻቢቴ፣ ጠንካራ ፒንሳ፣ የ10 እና የ12 ቁልፍ፣ ሁለት 8 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መዶሻ፣ ግልጽ ቀጭን ቱቦና ባዶ ጠርሙስ። ሙቀት የሚችል ግራሶ፣ የእጅ ጓንትና የአፍ መሸፈኛም ያዙ።

መኪናዋን ማንሳት

የሐሙስ ገበያ ጭነት ያለበት ሰው ረቡዕ ከሰዓት ይህን ሥራ አይጀምር። የጎደለ ዕቃ ይገኛል፣ የተያዘ ብሎን ይገኛል፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ ሞላ ይረሳል። ሙሉ ቀን ስጡት።

ሜዳና ጠንካራ ቦታ ምረጡ። የግቢያችሁ አፈር ዝናብ የጠጣ ከሆነ ክሪኩ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ግጠሙ፤ የኋላው ሲነሳ መኪናዋን የሚይዛት ይኸው ብቻ ነውና። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ አለዚያ ታምቡሩ አይወጣም። የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ ሳለች ትንሽ አላሉ፣ ከዚያ አንሱ።

መደገፊያውን ከአክስሉ ሥር፣ ወደ ባሌስትራው ተጠግቶ አስቀምጡ። ሻሲው ላይ አትደግፉት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ አክስሉ ላይ ስትቀመጥ የጸናች ናት። ሁለተኛው በኋላ አየር ስናወጣ የሚጠቅም ነው፦ ብዙዎቹ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተገናኘ፣ እንደ ጭነቱ መጠን ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። አክስሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከቀረ ቫልቩ መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል፤ አየሩም በደንብ አይወጣም።

ብሎኬት ላይ መኪና አታስቀምጡ። ድንጋይም፣ የቸርኬ ክምርም አይሆንም። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰነጠቀው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ የእናንተ ደረት ነው።

ታምቡሩን ማውጣት

ጎማውን ካወለቃችሁ በኋላ በታምቡሩና በሞዞው (ታምቡሩና ጎማው የሚታሰሩበት መሃለኛ ብረት) ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሩ፤ ሲመለስ በነበረበት እንዲገባ። አሁን ሳቡት። ዕድለኛ ከሆናችሁ ይወጣል።

አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ታምቡሩ ከሞዞው ጋር በዝገት ተጣብቋል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት መሃሉ ላይ፣ ሞዞው ዙሪያ ጥቂት ነስንሱና ጠብቁ። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን እየዞራችሁ ምቱ፤ ጠርዙን ግን በብረት መዶሻ አትምቱ፣ የታምቡር ብረት ይሰበራል። ከዚያ የታምቡሩን ፊት ተመልከቱ፤ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። 8 ሚሊ ሜትሮቹን ብሎኖች አስገቡና አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያላችሁ አጥብቁ። ታምቡሩን ከሞዞው ገፍተው ያወጡታል። አንዱን ብቻ ብታጠብቁ ይጣመማል።

ይህም ሆኖ ከመሃል ተላቆ ዳሩ ላይ ከያዘ፣ የያዘው ሸራው ነው፤ ታምቡሩ ሲበላ ጠርዙ ላይ ከንፈር ይሠራልና ሸራው እዚያ ይነክሳል። ከጎማው ጀርባ ሳህኑ ላይ (ሸራዎቹን ሁሉ የተሸከመው ክብ ብረት ነው) የጎማ መክደኛ ያላት ትንሽ ቀዳዳ አለች። መክደኛዋን አውጡ። ከውስጥ ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ የምታቀርብ ማስተካከያ ዘንግ አለች፤ በአንዱ ካቻቢቴ የማስተካከያውን ምላስ ገፍታችሁ ያዙ፣ በሌላው ጥርሳሟን ዳዶ አዙሩ። ምላሱ ካልተገፋ ዳዶዋ ወደ መላላት አትዞርም፤ በግድ ብታዞሯት ጥርሷ ይበላል።

አቧራው

ታምቡሩ ሲወጣ ጥቁር አቧራ ታያላችሁ። በአፋችሁ እፍ አትበሉት፤ በኮምፕሬሰር ደግሞ በፍጹም። በድሮ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበር፤ አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። የገዛችሁት ሸራ ውስጥ ስለመኖሩ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉንም እንዳለው ቁጠሩት። ልጆችን ከአካባቢው አርቁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሳሙና የገባበት ውኃ በቀስታ አፍስሳችሁ አርጥቡትና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ።

ለማጽዳት ቤንዚንም ናፍጣም አትጠቀሙ። ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ግን ሁለቱም የሲሊንደሩን ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያትመውን ላስቲክ) ያሳብጡታል። ውኃና ሳሙና፣ ቀጥሎ አልኮል ይበቃል።

አሁን ሸራውን አንብቡት

እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተመልከቱ። እኔ ያለፍኩት ይህን ነበር።

የሽፋኑን ውፍረት ለኩ። በቶዮታ ልኬት ዝቅተኛው 1 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ግን 2 ሲደርስ እቀይራለሁ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር እስከ ብረት ያለው ርቀት አንድ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሊሆን ይችላልና።

የቀኙንና የግራውን አስተያዩ። አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ከተበላ፣ የተበላው ጎን የማይለቅ ነገር አለው ማለት ነው፦ የእጅ ፍሬኑ ካቦ፣ ክንዱ፣ ወይም የተያዘ የሲሊንደር ፒስተን። ወይም ደግሞ ያልተበላው ጎን ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑን አንድ ሰው እንዲስብና እንዲለቅ አድርጉ፤ እናንተ ካቦውን እዩት። ሲለቀቅ በራሱ ተስፈንጥሮ ካልተመለሰ ያው እሱ ነው። አንዳንዶቹ አሮጌ ሃይሉክሶች ላይ ደግሞ ካቦው ሳህኑ ጀርባ ላይ ካለች አንዲት የማዕዘን ክንድ ጋር ይያያዛል፤ ጭቃ የሚመታት እሷን ስለሆነ ቀድማ የምትዝገው እሷ ናት። ፍቷት፣ አጽዷት፣ ግራሶ ቀቧት። ካቦው ራሱ ከዛገ ግን ዘይት ማጠጣቱ ለሳምንት ብቻ ነው፤ ቀይሩት።

በአንድ ጎማ ውስጥ ፊተኛዋና ኋለኛዋ ሸራ እኩል ባይበሉ አትደንግጡ። ጎማው ወደፊት ሲዞር የፊተኛዋን ሸራ ይዞ ወደ ታምቡሩ ስለሚስባት እሷ የበለጠ ትሠራለች፣ የበለጠም ታልቃለች። ይህ ተፈጥሮዋ ነው።

ሸራው ከረጠበ የምን እርጥበት እንደሆነ ለዩ። ወፈር ያለ፣ የሚሸት፣ ጠቆር ያለ ዘይት ከሆነ የመጣው ከዲፍሬንሻሉ ነው፤ የአክስሉ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ለቋል። ቀጠን ያለና ቀለም የሚልጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ሲሊንደሩ ያፈሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ፣ በእሳት ተለብልቦ አይመለስም። ሽፋኑ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ላዩን ብታደርቁት የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ የውስጡን ያወጣዋል። ፓራኦሊዮ ለመቀየር አክስሉ መውጣት፣ ኩሽኔታውም ብዙ ጊዜ በፕሬስ መላቀቅ ስላለበት፣ ያንን ክፍል ለሚያውቀው ጋራዥ ስጡ። ሳይሠራ ግን አዲስ ሸራ አታስገቡ።

ታምቡሩንም አንብቡ። ውስጡ ላይ የመጨረሻው የስፋት ልክ ተቀርጿል፤ ለ254ቱ 256፣ ለ295ቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ሁለቱንም እኩል አስላጩ፤ ከተላጨ በኋላ ከተቀረጸው ቁጥር የሚያልፍ ከሆነ ግን ጣሉት። የሳሳ ታምቡር ሙቀት አይችልም። ሰማያዊ ነጠብጣብ ካያችሁ በጣም ግሎ ነበር ማለት ነው፤ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ምንም ክርክር የለም፣ ይጣል።

ሙቀትን የምደጋግመው ያለ ነገር አይደለም። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል። ሸራው የሚሄደው ርቀት ይጨምራል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጠፋ ሲባል የምትሰሙት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

መፍታት

አንዱን ጎማ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ። ሲጠፋባችሁ ሄዳችሁ የምታዩት ያልተፈታው ጎን ነው። ከመንካታችሁ በፊትም በስልካችሁ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ የእያንዳንዱ ሞላ ጫፍ የትኛዋ ቀዳዳ ውስጥ እንደገባ እንዲታይ።

ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ በጥብቅ ተናገሩ። ከተረገጠ የሲሊንደሩ ፒስተኖች ተስፈንጥረው ይወጣሉ። እኔ ጋቢናውን እቆልፋለሁ።

በመጀመሪያ ከላይ ሁለቱን ሸራዎች የሚስበውን መመለሻ ሞላ በፒንሳ አውጡ፤ ኃይለኛ ነው፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። ቀጥሎ ሸራውን ከሳህኑ ጋር የሚይዙት ትንንሽ ሞላዎች አሉ፤ ከሳህኑ ጀርባ ሚስማሩን በጣት ይዛችሁ፣ ከፊት ክዳኑን በፒንሳ ተጭናችሁ ሩብ ዙር ስታዞሩት ይለቃል። ፊተኛዋ ሸራ ትወጣለች፣ ማስተካከያዋ ዘንግ ተከትላ ትወጣለች፣ የታችኛው ሞላ ይላቀቃል። ኋለኛዋ ሸራ ከእጅ ፍሬኑ ካቦ ጋር ተያይዛ ትቀራለች፤ የካቦውን ሞላ ወደ ኋላ ሰብስባችሁ ጫፉን ከክንዱ አውጡ።

ክንዱ ወደ አዲሷ ሸራ መዛወር አለበት። የያዘችውን ቀለበት በካቻቢቴ ከፍታችሁ አውጡ፤ ስትመለስ በአዲስ ተኩና በፒንሳ አጥብቁ። ክንዱ ሳይንገዳገድ በነጻነት መወዛወዝ አለበት።

አሁን የሲሊንደሩን የጎማ ሽፋኖች በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። እርጥበት ካለ ሲሊንደሩ ይቀየራል ወይም በአዲስ ጎሚኒ ይታደሳል። ውስጡ የዝገት ጉድጓድ ካለው ጎሚኒ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። የፍሬን ቧንቧዋን ዳዶ ስትፈቱ ዙሪያውን የሚይዝ የቧንቧ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ በተራ ቁልፍ ጠርዟ ከተላጠ ሥራው ቧንቧ ወደ መቀየር ያድጋል።

መግጠም

ሳህኑ ላይ ሸራው የሚንሸራተትባቸው ከፍ ከፍ ያሉ ቦታዎች አሉ። አጽዷቸውና ቀጭን ግራሶ ቀቧቸው፤ በጣም ቀጭን። በሸራ ሽፋኑና በታምቡሩ ውስጥ ግራሶ አይነካም፤ እጃችሁን ታጠቡና ነው አዲሱን ሸራ የምትይዙት።

ማስተካከያዋን ዘንግ ፈታታችሁ ጥርሷን አጽዱ፣ ግራሶ ቀቡ፣ እስከ መጨረሻው ሰብስቡ። የቀኝና የግራ ማስተካከያ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው፤ አንዱ በቀኝ ይጠብቃል፣ ሌላው በግራ። ከተቀያየሩ ራሱን የሚያስተካክለው ሥርዓት በተቃራኒው ሠርቶ ሸራውን ከታምቡሩ እያራቀ ይሄዳል፤ ፔዳሉም በየቀኑ ይወርዳል፣ ምክንያቱም አይገኝም። አንድ ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው የምትሄዱበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ የፈታችሁትን በተቃራኒው ግጠሙ፦ ካቦው፣ ኋለኛዋ ሸራ፣ የታችኛው ሞላ፣ ማስተካከያዋ፣ ፊተኛዋ፣ በመጨረሻ የላይኛው ሞላ። ከፎቶው ጋር አስተያዩ። የሸራዎቹ ጫፍ በሲሊንደሩ ፒስተን ስንጥቅ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል? የእጅ ፍሬኑ ክንድ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ይመለሳል? ካልተመለሰ ካቦው ተወጥሯል፤ ከጋቢናው ወይም ከሥር አላሉት። ካቦው የሚስተካከለው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የላላ ሸራን በካቦ ማጥበቅ የእኔን የግቤ ቀን ያመጣል።

ታምቡሩን በጠመኔው ምልክት መልሱ። በቀዳዳዋ በኩል ጥርሳሟን ዳዶ እያዞራችሁ ታምቡሩ በእጅ አልዞር እስኪል አጥብቁ፤ ከዚያ ምላሱን ገፍታችሁ፣ ቀለል ያለ የመፋተግ ድምፅ ብቻ እየተሰማ በነጻነት እስኪዞር ድረስ አላሉ። ሁለቱም ጎኖች ሲዞሩ ስሜታቸው አንድ መሆን አለበት። መክደኛዋን ጎማ መመለስ አትርሱ፤ በእሷ ቀዳዳ ነው የመንገዳችን ጭቃ የሚገባው።

አየር ማውጣት

ቧንቧ ከተፈታ ወይም ሲሊንደር ከተቀየረ ግዴታ ነው። ካልተፈታም የከረመውን ዘይት በዚሁ አጋጣሚ መቀየር ጥሩ ነው። መሪው በግራ ስለሆነ ከፍሬኑ ዋና ሲሊንደር በጣም የሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ነው፤ ከሱ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የኋላ ግራ። ፊቱንም የምትነኩ ከሆነ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ። የጭነት ቫልቩ የራሱ ማስወጫ ካለው እሱ መጨረሻ ላይ ነው።

ቱቦውን በማስወጫው ብሎን ላይ ሰኩ፣ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ጋቢና ውስጥ የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል፤ መግባባቱ ነው ዋናው ነገር። እኔ ከሥር «እርገጥ!» እላለሁ፤ ልጁ በዝግታ ረግጦ ይይዝና «ይዣለሁ ጋሼ!» ይላል። ያኔ ብሎኑን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ ዘይትና አረፋ ይወጣል፤ እዘጋለሁ። «ልቀቅ!» የምለው ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሳይዘጋ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ቃሉን ሳይሰማ እንዳይለቅ አስቀድማችሁ አስለምዱት፤ ወለሉም ድረስ በኃይል እንዳይረግጥ ንገሩት፣ በአሮጌ መኪና ላይ የዋናውን ሲሊንደር ጎሚኒ ያበላሻል።

አረፋ የሌለው ጥርት ያለ ዘይት እስኪወጣ ድገሙት። በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን እዩና ሙሉ፤ ባዶ ከሆነ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ወዲያው በውኃ ይታጠብ። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይገባም፤ ወደ ቦዩና ወደ አዌቱ ወንዝም አይደፋ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት።

ጎማውና ሙከራው

የጎማ ዳዶዎቹን በተሻጋሪ ቅደም ተከተል አጥብቁ፤ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ የመጨረሻውን ኃይል ስጡ። የኃይል ቁልፍ ያለው ሰው ወደ 110 ኒውተን ሜትር ያድርገው። ቧንቧ ቀጥሎ በሰውነት ክብደት መዝለል ብሎኑን ያስረዝመዋል።

ሞተሩን ሳታስነሱ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ከፍ ብሎ መጠንከር አለበት። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ቀርቷል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ካቦ አስተካክሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ነው። ከያዘ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከ40 እና 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለስለስ እያደረጋችሁ ሃያ ጊዜ ያህል ቀንሱ፤ በየመሃሉ እየነዳችሁ አብርዱት። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ገና በሙሉ ገጹ አይገናኝም፤ እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጉ፣ ሳትነኩ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ ያ ጎን አልለቀቀም፤ ክፈቱት። ይህን ፈተና ያኔ አድርጌ ቢሆን ግቤ ላይ አልቆምም ነበር።

የእጅ ፍሬኑን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዳገት ላይ ሞክሩት፦ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ መኪናዋ አፍንጫዋ ወደ ላይም ወደ ታችም ሆኖ መቆም አለባት።

የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አትጫኑ፤ አጋሮ ደርሶ መመለስ ይበቃል፣ ግቤ ይቆይ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። በ500 ላይ ከመኪናዋ ሥር ገብታችሁ ሁለቱን የኋላ ሳህኖች ታች ጫፍ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ከረጠበ ታምቡሩ በዚያው ቀን ይከፈት።